ያሰርነው እንስሳ አማናችን ነው

ሰኔ ሲገባ የደጋው ሰው ካፖርቱንና ጃንጥላውን ያወጣል። በድሬዳዋ፣ በሚኤሶ፣ በአዋሽና በአፋር ሜዳ ለሚኖረው ወገናችን ግን ግንቦትና ሰኔ የዓመቱ ከባድ የሐሩር ጊዜ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፣ በእነዚህ ወራት የቀኑ ሙቀት በአማካይ ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። በሰመራና በአካባቢው ደግሞ ከ40 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። በዚህ ጊዜ የሰው ልጅ ራሱን የሚጠብቅበት ዘዴ አያጣም። ቀትር ላይ ሱቁን ዘግቶ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ሽርጡን አገልድሞ ቬንትሌተር ሥር ይጋደማል፤ ሲጠማው ይጠጣል፤ ሲመሽ ደጅ ወጥቶ ይናፈሳል።

በዚያው ግቢ ውስጥ ግን ይህን ሁሉ ማድረግ የማይችሉ ፍጥረታት አሉ። በአጭር ገመድ የታሰረች ፍየል፣ በቆርቆሮ ቤት የተዘጉ ዶሮዎች፣ በር ላይ በሰንሰለት የቆመ ውሻ፣ ጭነት እንደተሸከመ ገዢ የሚጠብቅ አህያ፣ ሱቅ ውስጥ የተቆለፈባት ድመት። ፍየሏ ጠዋት ስትታሰር ጥላ የነበረው ቦታ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ጠራራ ፀሐይ ይሆናል። ጥላው ይዞራል፤ ገመዱ ግን አይዞርም።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፋችን ልናነሳው የወደድነው ጉዳይ ይኸው ነው። በዱር ያለ እንስሳ አላህ (ሱ.ወ.) በሰጠው ጥበብ ሲሞቀው ጥላ ይፈልጋል፣ ሲጠማው ወደ ውሃ ይወርዳል፣ በቀትር ይተኛና በሌሊት ይሰማራል። እኛ ግን ባሰርነው ወይም በዘጋንበት ቅጽበት ይህን ሁሉ ምርጫ ከእጁ ወስደንበታል። ስለዚህ ውሃውም ጥላውም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእኛ ዕዳ ይሆናል ማለት ነው።

ዲናችን ምን ይላል?

በቡኻሪና በሙስሊም ዘገባ የምናገኘውን የአንዲት ሴትና የድመቷን ታሪክ የማያውቅ ሙስሊም ቤተሰብ ጥቂት ነው። ሴቲቱ ድመቷን አስራ እስክትሞት ድረስ ተወቻት፤ በዚህም ምክንያት ለቅጣት ተዳረገች። ብዙዎቻችን ታሪኩን የምናውቀው ስለ ረሃብ እንደሚናገር አድርገን ነው። ነገር ግን ዘገባው የሚነግረን ጉድለት ሁለት ነው። አንደኛው አለማብላቷና አለማጠጣቷ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ድመቷ ራሷ ፈልጋ እንድትበላ አለመልቀቋ ነው። ከሁለቱ አንዱን ብታደርግ ኖሮ ድመቷ በሕይወት ትኖር ነበር። እንግዲህ ወንጀሉን ያከበደው ማሰር ብቻውን አይደለም፤ አስሮ መርሳት ነው።

በተቃራኒው ደግሞ በበረሃ መንገድ ሲጓዝ ጥም ስለያዘው ሰው የተነገረውን እናስታውስ። ጉድጓድ አግኝቶ ወርዶ ጠጣ። ሲወጣ አንድ ውሻ ምላሱን አውጥቶ እያለከለከ፣ ከጥማት ብዛት እርጥብ አፈር ሲልስ አየ። ሰውየው የውሻውን ጥማት በራሱ ጥማት መዝኖ ተመልሶ ወረደ፤ ጫማውን ውሃ ሞልቶ በጥርሱ ነክሶ ይዞ ወጣና አጠጣው። አላህም ሥራውን ተቀብሎ ምሕረት አደረገለት። ሶሐባዎች ይህን በሰሙ ጊዜ በእንስሳትም አጅር እንዳለ ጠየቁ፤ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሕይወት ባለው ፍጥረት ሁሉ አጅር እንዳለ አስረዷቸው።

በክፍል ውስጥ ይህን ታሪክ ስናስተምር ከተማሪዎች ዘንድ አንድ ጥያቄ ሳይነሳ የቀረበት ጊዜ የለም። «ውሻ ነጃሳ አይደለም ወይ?» ይሉናል። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱም አስቸጋሪ አይደለም። የንጽሕና ሕግ ስለ ዕቃችንና ስለ ልብሳችን የሚናገር ነው። በአገራችን ምሥራቃዊ ክፍል በስፋት የሚሠራበት የሻፊዒይ መዝሀብ ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር ሆኖ፣ እንዲታጠብ ያዛል። ይህ ሕግ ግን ውሻው ይጠማ የሚል ትርጉም የለውም። ለግቢ ጥበቃ፣ ለከብት ጥበቃና ለአደን ውሻ መያዝ የተፈቀደ ነው፤ የያዘው ሰውም የማብላትና የማጠጣት ግዴታ አለበት። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለውሻው የራሱ የሆነ፣ ከቤት ዕቃ ጋር የማይደባለቅ ገበታ ማዘጋጀት ብቻ ነው።

ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ምን ያህል እንደሄዱ የሚያሳይ አንድ መስአላ እንጨምር። ጥቂት ውሃ ብቻ ያለው ሰው በአጠገቡ የተጠማ እንስሳ ቢኖርና የሶላት ወቅት ቢገባ ምን ያደርጋል? የሻፊዒይ መዝሀብ ሊቃውንት ውሃው ለእንስሳው እንደሚሰጥና ሰውየው ተየሙም አድርጎ እንደሚሰግድ ጽፈዋል። በሰው ላይ አደጋ የማይጥል ውሻም ከዚህ አይወጣም። የውዱእ ውሃ እንኳ ለተጠማ እንስሳ ከተለቀቀ፣ ዛሬ ግቢያችንን የምናርስበት ውሃ ምን ምክንያት ሊኖረው ነው?

በ660 ዓመተ ሒጅራ ያረፉት ታላቁ ሊቅ ዒዝ አድ-ዲን ኢብን ዐብዱሰላምም እንስሳት በባለቤቶቻቸው ላይ ያላቸውን መብት ሲዘረዝሩ፣ ቢያረጁም ቢታመሙም፣ ጥቅም ባይሰጡም እንኳ ቀለባቸው ሊቋረጥ እንደማይገባ፣ ከአቅማቸው በላይም ሊጫኑ እንደማይገባ አስፍረዋል። ይህ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ትምህርት ነው።

እንስሳት ሙቀትን እንዴት ይቋቋማሉ?

መልካም ሐሳብ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ዕውቀት ያስፈልገዋል። የሰው ሰውነት ሲሞቅ ያልበዋል፤ ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል። ብዙዎቹ የቤት እንስሶቻችን ግን ይህን ጸጋ እንደኛ አልተሰጡም። ድመትና ውሻ የሚያልባቸው ከእግራቸው መዳፍ ብቻ ነው ቢባል ይቻላል። ውሻ ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው፤ ከምላሱና ከአፉ ውስጥ የሚተነው እርጥበት ደሙን ያቀዘቅዝለታል። በሐዲሱ የተጠቀሰው ውሻ ምላሱን ማውጣቱና እርጥብ አፈር መላሱ ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው፤ ባለከለከ ቁጥር ውሃ ያልቅበታል። ድመት ደግሞ ጸጉሯን በምራቋ እያራሰች ትቀዘቅዛለች። ዶሮ የላብ ዕጢ ፈጽሞ የላትም፤ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ ክንፏንም ከሰውነቷ ታርቃለች። በግና ፍየል በፍጥነት በመተንፈስ ይረዳሉ። አህያና ፈረስ ግን እንደ ሰው ያልባቸዋል፤ ስለዚህ ውሃና ጨው ያጣሉ።

የሰውነታቸው ሙቀትም ከእኛ ይለያል። የድመትና የውሻ ጤናማ ሙቀት 38 ዲግሪ ተኩል ያህል፣ የበግና የፍየል 39 ገደማ፣ የዶሮ ደግሞ ከ41 ብዙ የማይርቅ ነው። ውሻ ከ41 ዲግሪ ካለፈ አንጎሉ፣ ኩላሊቱና አንጀቱ መጎዳት ይጀምራል። ከደህናው እስከ አደገኛው ያለው ርቀት ጠባብ መሆኑን ልብ ይሏል።

አላህ (ሱ.ወ.) ለበረሃ ያዘጋጀው ግመል ብቻ ነው ከዚህ ሁሉ ልዩ የሆነው። ውሃ ሲያጣ የሰውነቱ ሙቀት ሌሊት ወደ 34 ዲግሪ ይወርድና ቀን እስከ 41 ይወጣል፤ በዚህም ላብ ሳያባክን ቀኑን ያሳልፋል። ሌሎቹን እንስሶቻችንን እንደ ግመል አድርገን ማሰብ አይገባንም።

ቤትና ግቢ

ከድመት እንጀምር። ድመት ነጻ ከሆነች የግቢውን ቀዝቃዛ ቦታ ከማንም በፊት የምታገኘው እርሷ ናት፤ አንዴ የውሃ በርሜል ሥር፣ አንዴ የመታጠቢያ ቤት ሲሚንቶ ላይ ትተኛለች። አደጋው ሲዘጋባት ነው። በድሬዳዋ ብዙ ነጋዴዎች አይጥ እንድትይዝላቸው ድመት በሱቅና በመጋዘን ያኖራሉ። ቀትር ላይ ሱቁ ተዘግቶ እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ወይም 10 ሰዓት ድረስ ይቆያል። ከቆርቆሮ ጣሪያ በታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ያለው ሙቀት ከውጭው እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ከመቆለፍ በፊት ድመቷ ወጥታ እንደሆነ ማየት ወይም የምትወጣበት ቀዳዳ መተው ያስፈልጋል። ቁም ሣጥን፣ የተከፈተ ሣጥንና የቆመ መኪናም እንዲሁ መታየት አለባቸው። ለአንዲት ድመት በቀን አንድ ብርጭቆ ያህል ንጹሕ ውሃ ይበቃታል። የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረባ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ለውዱእ በተቀዳላቸው ውሃ ድመት ልትጠጣ ብትመጣ ዕቃውን አዘንብለው እንዳጠጧት በሐዲስ ተላልፎልናል።

ወደ ውሻ ስንመጣ ሰንሰለቱን እንይ። ብረት በፀሐይ ይግላል፤ አንገቱንም ያቃጥላል። ሰንሰለቱ ረጅም ካልሆነ ውሻው ከጥላው ጋር ሊዞር አይችልም። ከዛፍ ሥር ማሰር የሚቻል ከሆነ ከሁሉ ይሻላል፤ ኒም ወይም ሌላ ቅጠለ ብዙ ዛፍ የሚሰጠው ጥላ ቆርቆሮ ከሚሰጠው እጅግ የቀዘቀዘ ነውና። የውሃ ገበታው እንዳይገለበጥ በድንጋይ ይደገፍ ወይም መሬት ይቀበር። ከውሻ ጋር በእግር የሚሄድ ወጣት ካለም አስፋልቱን በእጁ ጀርባ ይሞክረው። ከአንድ እስከ ሰባት እስኪቆጥር ድረስ እጁን ማቆየት ካልቻለ ውሻውም አይችልም። ከደጋ የመጣ ጸጉራም ውሻ ደግሞ ሙቀቱን እስኪለምድ ከአንድ ሳምንት በላይ ይፈልጋል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያዝኑለት ይገባል።

በመኪና ውስጥ እንስሳንም ሆነ ሕፃንን ትቶ መውረድ ከቶ የማይሞከር ነው። በተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በ10 ደቂቃ ብቻ እስከ 10 ዲግሪ ሊጨምር ይችላል። ውጭው 35 ከሆነ ውስጡ ምን እንደሚሆን ማስላት አያዳግትም። መስኮቱን በጥቂቱ መክፈትም ብዙ አይረዳም።

ዶሮዎች በሐሩር ብዙ የሚያልቁት በሁለት ምክንያት ነው፤ ቤታቸው ስለሚጠብና አየር ስለሌለው። የዶሮ ቤት ግድግዳው እስከ ታች ድረስ በቆርቆሮ ከተሸፈነ ምድጃ ይሆናል። ቢያንስ በሁለት ተቃራኒ ወገን ወንፊት ሽቦ ይደረግለት። ጣሪያው ላይ ሰሌን ወይም ሣር ቢነጠፍ፣ አለዚያም በነጭ ኖራ ቢቀባ የፀሐዩን ኃይል ይቀንሳል። ጎኑን በእርጥብ ጆንያ መጋረድም ይረዳል፤ ነገር ግን ነፋሱን እስኪዘጋ ድረስ መሆን የለበትም። ላስቲክ መወጠር ግን ሙቀቱን ይይዛልና አይመከርም። ዶሮ በሞቃት ቀን የምትጠጣው ውሃ ከወትሮው በእጥፍና ከዚያም በላይ ነው። ውሃው በፕላስቲክ ፈንታ በሸክላ ዕቃ ቢቀመጥ የተሻለ ይቀዘቅዛል። መኖ ሲፈጭ በሰውነት ውስጥ ሙቀት ስለሚፈጥር በማለዳና አመሻሽ ላይ መስጠት ተገቢ ነው።

የውሃ እጥረት ባለበት ሰፈር ይህ ሁሉ ከየት ይመጣል የሚል ይኖራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበትና በጀሪካን በሚገዛበት ቤት ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ነገር ግን አንዲት ድመት፣ አንድ ውሻና አምስት ዶሮዎች በሐሩር ቀን የሚጠጡት ቢደመር የአንድ ጀሪካን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ሩዝና አትክልት የታጠበበት፣ ሳሙና ያልገባበት ውሃም ለእንስሳት ይሆናል፤ የዶሮውን ቤት ዙሪያ ለማራስም ይጠቅማል። ሳሙና የነካው የዕቃ እጣቢ ግን ለመጠጥ አይሰጥ።

የኡድሒያው በግ

በዚህ ዘመን ልዩ ትኩረት የሚሻ ጉዳይ አለ። ኢድ አል-አድሐ በ2016 ዓ.ል. ሰኔ 9፣ በ2017 ዓ.ል. ደግሞ ግንቦት 29 ዋለ። የሒጅራ ዓመት ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ስለሚያጥር፣ በዓሉ በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት በግንቦት መጀመሪያና በሚያዝያ መጨረሻ ይውላል። ይህ ማለት የኡድሒያ እንስሳ ተገዝቶ የሚጓጓዝበትና ግቢ የሚታሰርበት ጊዜ ከሐሩሩ ጋር ገጥሟል ማለት ነው።

እስቲ የበጉን ጉዞ እንከተለው። ከደጋ ገበያ ተገዝቶ አራት እግሩ ይታሰራል፤ በአውቶቡስ ፖርቶመጋላ ላይ ወይም በመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይጣላል። ሰዓታት ይጓዛል። ቀፊራ ገበያ ደርሶ ደግሞ በፀሐይ ይውላል። ከዚያ በባጃጅ ወደ ቤት ይመጣና ግቢው ውስጥ ባለ ምሰሶ ላይ ይታሰራል። ሱፉ ለደጋ ብርድ የተሠራ ነው። በቆላ የለመደው ጥቁር ራስ የሶማሌ በግና ፍየል የተሻለ ይችለዋል፤ የደጋው በግ ግን ሳይለምደው በአንድ ቀን ከብርድ ወደ እሳት ተዛውሯል።

ከበዓሉ በፊት ያለው ቀን ደግሞ የዐረፋ ቀን ነው። ቤተሰቡ ይጾማል። እናቶች ለበዓሉ ይዘጋጃሉ፤ ኩሽናው ቀን አይሠራም፤ ማንም ውሃ አይጠጣምና ማንም ውሃ አያስታውስም። በጉ ግን አልጾመም። በረመዷንም እንዲሁ ነው። በ2010 ዓ.ል. ረመዷን ግንቦት ውስጥ ገብቶ ሰኔ ላይ ነበር የወጣው፤ ወሩ ዞሮ ወደ ሐሩር የሚመለስበት ዘመንም ይመጣል። ጾመኛ ሰው የራሱን ጥማት የሚያውቅ ስለሆነ የተጠማውን ለማስታወስ ከማንም የተሻለ ምክንያት አለው። ከዝሁር ሶላት በኋላ የእንስሳቱን ውሃ ማየት የቤቱ ልማድ ቢሆን ይህ መርሳት ይቀራል።

አንድ በግ በሞቃት ቀን ከ5 ሊትር በላይ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ከመንገድ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መኖ ሳይሆን ጥላና ውሃ ነው። ውሃውንም እንደለመደው በዝግታ ይጠጣ። ደረቅ ሣር ይቅረብለት፤ ቶሎ እንዲሰባ ተብሎ ብዙ እህል በአንድ ጊዜ ቢሰጠው ሆዱ ይነፋና ይሞታል። ገመዱ ረጅም ይሁን፤ በሁለት በኩል ጥላ ባለበት ቦታ ይታሰር። ብዙ በጎች አብረው ካሉ አይጨናነቁ።

ይህን የሚመለከት ትልቅ ነገር አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንስሳ ሲታረድ ቢላው እንዲሳልና እንስሳው እንዲያርፍ አዝዘዋል። እንግዲህ ኢሕሳን የሚጀምረው ቢላው አንገት ላይ ሲደርስ ነው ወይስ እንስሳው በእጃችን ከገባ ጀምሮ ነው? በጉ በሙቀት ታርዶ ሳይደርስ ቢሞት ሥጋው በክት ነው፤ የቤተሰቡ ገንዘብም ባክኗል። ከሁሉ የሚብሰው ግን ወደ አላህ ልንቃረብበት ያሰብነውን ፍጥረት በጥማት ማሰቃየታችን ነው።

አህያው

ኢትዮጵያ በዓለም ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች የመጀመሪያውን ረድፍ የያዘች ናት። የድሬዳዋን አሸዋ፣ ከሰል፣ ማገዶና ውሃ የሚሸከመው በአብዛኛው ይህ እንስሳ ነው። ከፈረስ ይልቅ ጥማትን የሚችል በመሆኑ «አህያ አይጠማውም» የሚል የተሳሳተ አስተሳሰብ ተስፋፍቷል። ይጠማዋል፤ ነገር ግን እስኪወድቅ ድረስ ብዙ አያሳይም። የሚሠራ አህያ በሐሩር ቀን እስከ 20 ሊትርና ከዚያም በላይ ሊጠጣ ይችላል። የቆሸሸ ውሃ ሲሰጡት ደግሞ ተጠምቶም ቢሆን የሚተው መራጭ ነው።

ያላበው እንስሳ ውሃ ቢጠጣ ይታመማል የሚባለውም መሠረት የለውም። ሥራ ላይ ያለ አህያ በየእረፍቱ ሊጠጣ ይገባዋል። የሥራ ሰዓቱን ከማለዳ እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ከዚያም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ማድረግ የቻለ ባለ ጋሪ አህያውንም ራሱንም ያድናል። ጋሪው ቆሞ ደንበኛ ሲጠበቅ ደግሞ ጭነቱ ይውረድ፤ ጋሪውም ጥላ ውስጥ ይቁም። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የእንስሳትን ጀርባ ሚንበር እንዳናደርግ አስተምረውናል። በሌላም ዘገባ ወደ አንድ አንሷሪይ አትክልት ቦታ በገቡ ጊዜ አንድ ግመል አይቷቸው እንባው እንደወረደ፣ እርሳቸውም አረጋግተው ባለቤቱን ጠርተው እያስራብክና እያደከምክ ነው ብለው እንደገሠጹት ተላልፎልናል። ከዚህ የምንማረው እንስሳ አቤቱታውን የሚያሰማበት ቋንቋ እንዳለው ነው።

የአደጋው ምልክትና የመጀመሪያ እርዳታ

እንግዲህ ያንን ቋንቋ ማወቅ ይጠቅማል። ድመት እንደ ውሻ አፏን ከፍታ ካለከለከች አደጋ ላይ ነች ማለት ነው። ውሻ ያለማቋረጥ ካለከለከ፣ ልጋጉ ከወፈረ፣ ድዱ እጅግ ከቀላ፣ ከተንገዳገደ ወይም ካስመለሰው ጊዜ የለም። በግ አንገቱን ደፍቶ አፉን ከፍቶ ከተነፈሰና ማመንዠክ ካቆመ፣ ዶሮ ክንፏን ዘርግታ ከተኛች፣ አህያ አፍንጫው ተነፍቶ መራመድ እምቢ ካለ ሙቀቱ አሸንፎታል። የአንገቱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጥጠን ስንለቀው ቶሎ ካልተመለሰ ሰውነቱ ውሃ አጥቷል።

በዚህ ጊዜ የሚደረገው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ወዲያው ወደ ጥላና ነፋስ ወዳለበት ቦታ ማዛወር፤ ጭነትና ገመድ ማውለቅ።

2ኛ. በቤት ያለውን ውሃ ሰውነቱ ላይ፣ በተለይም ሆዱ፣ አንገቱና እግሮቹ መካከል ደጋግሞ ማፍሰስ። ቀዝቃዛ ውሃ ድንጋጤ ያመጣል በሚል መዘግየት አይገባም፤ የዛሬ የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩት መጀመሪያ ማቀዝቀዝን፣ ከዚያ ወደ ሐኪም መውሰድን ነው።

3ኛ. በካርቶን ወይም በቬንትሌተር ማራገብ። ከአህያ በቀር አብዛኞቹ እንስሳት እንደ ሰው ስለማያልባቸው ነፋስ ብቻውን ብዙ አይረዳቸውም፤ ጸጉራቸው ሲርስ ግን ይሠራል። እርጥብ ብርድ ልብስ አልብሶ መተው ሙቀቱን ይይዝበታል።

4ኛ. ውሃ በጥቂቱ ማቅረብ። በግድ አፉ ውስጥ ማፍሰስ ወደ ሳንባው ሊገባ ስለሚችል ክልክል ነው። ዶሮን እግሯን በውሃ መንከር ይረዳታል።

5ኛ. ተነሥቶ ቢሄድም እንኳ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት፤ የውስጥ ጉዳቱ ቆይቶ ሊታይ ይችላልና።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን፤ ወጣቶች በተለይ ልብ ይበሉ። በመንገድ ላይ የሚንገዳገድና ልጋጉ የሚወርድ የማይታወቅ ውሻ ሙቀት ብቻ ሳይሆን የእብድ ውሻ በሽታም ሊሆን ይችላል፤ በሽታው በአገራችን አለ። ስለዚህ አይቅረቡት፤ በድንጋይም አይውገሩት። ውሃ በርቀት አስቀምጦ ለትልልቅ ሰዎችና ለሚመለከታቸው ክፍሎች መንገር ይበቃል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለምና ቀጠሮ አይሰጠውም።

ለወላጆች

ልጆች ርኅራኄን የሚማሩት ከምንነግራቸው ይልቅ ከምንሰጣቸው ሥራ ነው። ስለሆነም በየቤታችን አንድ ልጅ የውሃ ኃላፊ ቢሆን እንላለን። ሥራው ቀላል ነው፤ ከፈጅር በኋላ ገበታዎቹን ማጠብና መሙላት፣ ከዝሁር በኋላ ጥላው የት እንደደረሰ አይቶ የታሰረውን ማዛወር፣ ከዐስር በኋላ እንደገና መሙላት። ሥራውን በሶላት ወቅት ካሰርነው ልጁም አይረሳውም፤ ሶላቱንም ያስታውሰዋል። ጓደኞቹ በእንስሳ ላይ ድንጋይ ሲወረውሩ ዝም የማይል ልጅ የሚወጣውም ከእንዲህ ዓይነቱ ቤት ነው። ከበር ውጭም አንድ የሸክላ ዕቃ በውሃ ሞልቶ ለአላፊ ድመትና ለአዕዋፍ ማስቀመጥ በጣም ቀላል ከሆኑት ሰደቃዎች አንዱ ነው። ትንኝ እንዳይራባበት ግን በየቀኑ ይቀየር።

ማስተካከል የማንችል ከሆነም በሐቅ እንነጋገር። ጥላ የሌለው ግቢ፣ ውሃ የማይቀርብበት ቤት፣ ቀኑን ሙሉ ሰው የማይኖርበት ቤት ካለን እንስሳ ማሰር አይገባንም። ሊቃውንት እንስሳውን መቀለብ ያቃተው ሰው ይሽጠው ወይም ለሚችል ይስጠው፣ የሚበላ ከሆነም ይረደው ብለዋል። ሴቲቱና ድመቷ ያስተማሩንም ይህንኑ ነው፤ ወይ መንከባከብ፣ ወይ መልቀቅ፤ ሦስተኛ መንገድ የለም።

ዛሬ ከዝሁር ሶላት ስንመለስ ወደ መኝታችን ከመሄዳችን በፊት ግቢያችንን እንመልከት። ጥላው የት ነው? ገመዱስ? ገበታው ውስጥ ውሃ አለ?

አላህ (ሱ.ወ.) በእጃችን ላደረጋቸው ፍጥረታት ሁሉ አማናችንን የምንወጣ ያድርገን። የእርሱን ረሕመት ለምንሻው ለእኛ፣ ለደካማው የምናዝን ልብ ይስጠን። አሚን።